የቀለጠው ቡድሃና የ61 ዓመቱ መነኩሴ፦ የቶዳይጂ ገዳም ተመልሶ እንዴት ተሠራ

## ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

የተቃጠለ ወይም የፈረሰ ቅዱስ ስፍራን መልሶ ስለመሥራት ሲወራ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ላይ ጀምሮ ገንዘብ ላይ ያልቃል። ስንት ተሰበሰበ? ማን ስንት ሰጠ? የት ገባ? ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ብዙ የለም።

በጃፓን ናራ ከተማ የሚገኘው የቶዳይጂ ገዳም ታሪክ ነገሩን ከሌላ ጎን ያሳያል። ገዳሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጦርነት ተቃጠለ፤ ግዙፉ የነሐስ ቡድሃ ሳይቀር ቀለጠ። ገንዘቡ እንደምንም ተገኘ። ሥራውን ሊያስቀረው የነበረው እንጨት ነው። እንጨቱ ጫካ ውስጥ ሞልቷል፤ ችግሩ ከጫካ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ናራ ማድረሱ ነበር።

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑን ለመገመት ለሚፈልግ፣ ይህ ሁሉ የሆነው እኛ ዘንድ ንጉሥ ላሊበላ በነበረበት ጊዜ ገደማ ነው። በታሪክ የታወቁትን ሰዎች በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ግንድ የጎተቱትና ነሐስ ያቀለጡት አብዛኞቹ ግን ስማቸው አልቀረም።

## መነሻው

ሐውልቱ መጀመሪያ የተሠራው በመከራ ዘመን ነው። ከ735 እስከ 737 ጃፓንን ፈንጣጣ መታት። ከቤተ መንግሥቱ ትላልቅ ሹማምንት መካከል እንኳ አራት ወንድማማቾች በአንድ ዓመት አለቁ። በ740 ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ ደሴት በኪዩሹ አመፅ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥት ሾሙ አገሩን የሚጠብቅ ታላቅ የቡድሃ ሐውልት እንዲሠራ በ743 አዋጅ አስነገረ።

አዋጁ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ አንዲት ዘለላ ሣር ወይም አንድ እፍኝ አፈር ይዞ መርዳት የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ይፈቀድለት ይላል። ሁለተኛው፣ የክፍለ ሀገር ሹሞች ይህን ሥራ ሰበብ አድርገው ሕዝቡን እንዳያስጨንቁና በግድ እንዳያስከፍሉ ያዛል። በእርግጥ ሥራው የሕዝቡን ጫንቃ አላጎበጠም ማለት አይቻልም። ቢሆንም የመጀመሪያው ሐሳብ ከ400 ዓመት በኋላ ለመጣው ሰው ትልቅ ስንቅ ሆኖታል።

ለሕዝቡ ቅስቀሳ የተመረጠው ግዮኪ የሚባል መነኩሴ ነበር። ምርጫው ያስገርማል። መንግሥት ይህን ሰው በ717 ሕዝብ ሰብስቦ ያለ ፈቃድ ይሰብካል ብሎ ወቅሶታል። እሱ ግን ድልድይና የውኃ ግድብ እያሠራ ብዙ ተከታይ አፈራ። መንግሥት ሲቸግረው ትናንት የከለከለውን ሰው ጠርቶ በ745 ከፍተኛውን የመነኮሳት ማዕረግ ሰጠው። ግዮኪ በ749፣ ሐውልቱ ተመርቆ ሳያይ ሞተ።

ሐውልቱ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ፣ የቀለጠ ብረት እየፈሰሰ፣ በስምንት ደረጃ ተሠራ። አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ዙሪያው አፈር ይሞላል፤ ምድጃው ከፍ ይልና ቀጣዩ ይፈሳል። 500 ቶን ገደማ መዳብ ፈጅቷል። በ749 ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ወርቅ ተገኘ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በደስታ ሰከረ፤ እስከዚያ ድረስ ሐውልቱን የሚለብጡበት በቂ ወርቅ አልነበራቸውምና። ወርቁን በሜርኩሪ አሟምተው ቀቡት፤ ከዚያ ሜርኩሪውን በእሳት አተነኑት።

በ752 የዓይን መክፈት ሥነ ሥርዓት ተካሄደ። በቡድሂስቶች ዘንድ ሐውልት ዓይኑ እስኪሣል ድረስ ገና ዕቃ ነው። ዓይኑን የሣለው ከሕንድ የመጣው መነኩሴ ቦዲሴና ነበር። ብሩሹ ላይ ረጃጅም ገመዶች ታስረው ታዳሚው ገመዱን ይዞ በሥራው ተካፈለ። ብሩሹም ገመዱም ሾሶይን በሚባለው የገዳሙ ግምጃ ቤት ተቀመጡ። ይህን ብሩሽ ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

## የደረሰው ጉዳት

በ1180 ታይራ እና ሚናሞቶ በሚባሉ ሁለት የጦረኛ ቤተሰቦች መካከል ጦርነት ተነሣ። የናራ ገዳማት ዳር ቆመው የሚያዩ አልነበሩም። መሣሪያ የታጠቁ መነኮሳት ነበሯቸው፤ ታይራዎችንም ተቃወሙ። ታይራ ኖ ሺገሂራ በዓመቱ መጨረሻ ጦር ይዞ መጣ። ሌሊት ለብርሃን ብለው የለኮሱት እሳት በነፋስ ተዛመተ ይባላል። ሆን ተብሎ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ቶዳይጂና ጎረቤቱ ኮፉኩጂ ተቃጠሉ። እሳቱን ሽሽት ወደ ቡድሃው አዳራሽ ሰገነት የወጡ ብዙ ሰዎች እዚያው አለቁ።

የሐውልቱ ራስ ወደቀ፤ እጆቹ ቀለጡ። የተረፈው የአካሉ ክፍልና ሐውልቱ የተቀመጠበት የነሐስ አበባ ነው። በአበባው ቅጠሎች ላይ የተቀረጸው የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ከፊሉ ዛሬም አለ።

ጊዜው ለግንባታ ከዚህ የባሰ ሊሆን አይችልም ነበር። ጦርነቱ ገና መጀመሩ ነው። በ1181 እና በ1182 ደግሞ ከባድ ረሃብ ገባ። በዋና ከተማዋ በኪዮቶ አንድ መነኩሴ በየመንገዱ በወደቀው አስከሬን ግንባር ላይ አንዲት ቅዱስ ፊደል እየጻፈ ይሄድ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከ42,300 በላይ ቆጠረ ተብሎ በዘመኑ ተጽፏል። ኑ ለቡድሃ አዋጡ የሚባለው እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ነው።

## ኃላፊው

በ1181 የማሰባሰቡም የግንባታውም ኃላፊነት ለአንድ ሰው ተሰጠ። ስሙ ቾገን ነው፤ በጃፓኖች አቆጣጠር ዕድሜው 61። ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው።

ቾገን የገዳሙ አለቃ አልነበረም፤ የታወቀ ሊቅም አይደለም። የሚታወቀው ሥራ በማስጨረስ ነው። ሦስት ጊዜ ቻይና ደርሼ መጥቻለሁ ይል ነበር። ኒንግቦ አጠገብ ላለው የንጉሥ አሾካ ገዳም ከጃፓን እንጨት ልኬ አሠርቻለሁ ብሎም ጽፏል። የግንድ ጭነት፣ የመርከብ ጉዞና የውጭ ባለሙያ ምን እንደሚመስሉ ያውቅ ነበር። በእኔ ግምት የጉዳዩ ትልቁ ውሳኔ ይኸው ሹመት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኃላፊነቱ ለማዕረግ ይሰጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ለልምድ ተሰጠ።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

### ማሰባሰብ

ቾገን ባለ አንድ እግር ስድስት ጋሪዎች አሠርቶ በአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ሁሉ አሰማራ። በየመንገዱ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሰዎችን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ የመጠን ነው። መልእክቱም ያው የ743ቱ ነበር፦ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል፣ ሁሉም ይካፈል።

ግን ራሳችንን አናታልል። በሳንቲም ብቻ 15 ሜትር ሐውልት አይቆምም። የትንሹ ሰው መዋጮ ሥራውን የሁሉ አደረገው፤ ከባዱን ወጪ የቻሉት ግን ትላልቆቹ ናቸው። የሚናሞቶ መሪ ዮሪቶሞ 1,000 ሪዮ (የዘመኑ የወርቅ ሚዛን ነው) ወርቅ ሲሰጥ፣ የሰሜኑ የሂራይዙሚ ገዥ ፉጂዋራ ኖ ሂደሂራ 5,000 ሪዮ ቃል ገባ። ሁለቱ የማይተማመኑ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ቾገን ከሁለቱም ተቀበለ። አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ቢሰጥ እሱን ምን ገዶት!

የቃል ወርቅና የእጅ ወርቅ ግን ይለያያሉ። በ1186 ሳይግዮ የሚባለው የታወቀ ባለቅኔ መነኩሴ ወርቁን ለማስታወስ ወደ ሰሜን ተላከ። ዕድሜው 69 ነበር፤ የሂደሂራም የሩቅ ዘመድ ነው። በመንገዱ የዮሪቶሞ መቀመጫ በሆነችው በካማኩራ ዮሪቶሞን አገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቅኔና ስለ ቀስት ሲያወጉ አድረው ሲለያዩ ዮሪቶሞ የብር ድመት ሸለመው። ሳይግዮ በር ላይ ለሚጫወቱ ልጆች ሰጥቶት ሄደ ይባላል። አስታዋሽ ተብሎ የሚላክ ሰው እንዲህ ያለ መሆን አለበት። ለራሱ እንደማይፈልግ ሁሉም ያውቃል።

### ነሐሱ

የጃፓን ነሐስ አቅላጮች ሐውልቱን አይተው ተስፋ ቆረጡ። በዚያን ጊዜ ቸን ሄቺንግ የሚባል ቻይናዊ ባለሙያ ለንግድ ኪዩሹ መጥቶ ነበር፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መርከቡ ተበላሸ። ቾገን ወሬውን ሰምቶ አስጠራው።

ከቻይና 7፣ ከጃፓን 14 አቅላጮች አንድ ላይ ተመደቡ። መጀመሪያ አልተዋደዱም። የአገሬው ባለሙያ በእጁ ያለውን ሥራ እንግዳ ሲመራው ደስ አይለውም። ቾገን መሃል ገብቶ አስታረቃቸው። በ1183 ቀኝ እጁና ራሱ እንደገና ተሠሩ።

በ1185 ዓይን የመክፈቱ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ጦርነቱ በሚናሞቶዎች ድል ካለቀ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ ናራና ኪዮቶም ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በቅርቡ አልፎባቸዋል። አዳራሹ ገና የለም፤ ወርቁም የደረሰው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከዙፋን የወረደው ንጉሠ ነገሥት ጎ ሺራካዋ ራሱ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ዓይኑን ሣለ። ብሩሹ በ752 ቦዲሴና የያዘው ያው ብሩሽ ነበር፤ ከግምጃ ቤት አስወጥተው አመጡለት።

ያላለቀ ሥራ መመረቅ ለዛሬ ሰው የማስመሰል ሥራ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ጠቅሟል። ሰው የሰጠው የት እንደገባ በዓይኑ አየ። ንጉሡም በአደባባይ እጁን ካስገባ በኋላ ሥራውን ትቶ መውጣት አሳፋሪ ሆነ።

### እንጨቱ

ዋናው ታሪክ ይኸውና። አዳራሹ ግዙፍ ምሰሶዎች ይፈልጋል። በናራ ዙሪያ ያለው ትልቅ ዛፍ በ400 ዓመት ግንባታ አልቋል። በ1186 ከናራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሱዎ ክፍለ ሀገር፣ የዛሬው ያማጉቺ፣ ለገዳሙ ጉልት ሆኖ ተሰጠ። ግብሩም ጫካውም የገዳሙ ሥራ ነው ማለት ነው።

ቾገን አናጢዎችንና ቸን ሄቺንግን ይዞ ሱዎ ሲደርስ ያገኘው ጦርነትና ረሃብ ያደቀቀውን ሕዝብ ነው። ሰዎች ልጆቻቸውን እስከመሸጥ ደርሰው ነበር ይላል መዝገቡ። መጀመሪያ ያደረገው እንጨት መቁረጥ አልነበረም። መርከቡ ላይ የነበረውን ሩዝ አከፋፈለ። ከዚያ ወደ ተራራው ወጣ። ይህን ቅደም ተከተል ደግነት ብቻ ነው የሚል ሰው ግንድ ጎትቶ አያውቅም። የራበው ሰው ግንድ አይጎትትም።

ጥሩ ዛፍ ያገኘ ሰው አንድ ኮኩ (የእህል መስፈሪያ ነው) ሩዝ እንደሚሸለም ተነገረ። ጫካውን የሚያውቀው የአገሬው ሰው ነውና ዛፉን እሱ ይፈልግ። ብዙ ዛፍ ተቆርጦ ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ቅርንጫፍ በዝቶበት ለምሰሶ አልሆነም። ጥቂቱ ተረፈ። ረጅሙ 39 ሜትር ገደማ ነበር፤ ውፍረቱ 1.6 ሜትር።

ይህን የሚያህል ግንድ ከገደል እንዴት ይወርዳል? መንገድ ተጠረገ፤ ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በእንጨት መዘውር ወፍራም ገመድ እየጠመጠሙ ሳቡት። በመዝገቡ መሠረት ከሺህ በላይ ሰው የሚጠይቀውን ግንድ በመዘውር ሰባ ያህል ሰው ጎተተው።

ቀጥሎ የሳባ ወንዝ መጣ። ወንዙ ጥልቀት የለውም፤ ትልቅ ግንድ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ቾገን በወንዙ ላይ 118 ትናንሽ ግድቦች አስገደበ። ውኃው ተጠራቅሞ ከፍ ሲል ግንዱ ይንሳፈፋል፤ መሃሉ ሲከፈት ከውኃው ጋር ወደ ቀጣዩ ግድብ ይወርዳል። እዚያ ደግሞ ይጠብቃል። በድንጋይ ከተሠሩት መተላለፊያዎች የአንዱ ቅሪት ዛሬም በወንዙ ዳር ይታያል።

ከወንዙ አፍ በባሕር ወደ ኦሳካ፣ ከዚያ በዮዶና በኪዙ ወንዞች ሽቅብ፣ የመጨረሻውን መንገድ ደግሞ በየብስ። አንዱን ግንድ 120 በሬ ጎተተው ተብሎ ተጽፏል።

ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው። በሱዎ ከድንጋይ የተሠሩ የእንፋሎት ቤቶች ዛሬም አሉ፤ ያሠራቸው ቾገን ነው ይባላል። ውስጡ እንጨት ይነድና ድንጋዩ ይግላል። ከዚያ አመዱን ጠርገው እርጥብ ሣር ይጎዘጉዙበታል፤ ሰው ገብቶ ይጋደማል። ወገቡ የተያዘ ሠራተኛ ነገ ወንዙ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ይህ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ችግር ግን በመዘውርም በግድብም አልተፈታም። በሱዎ የነበሩ የጦር ሰዎች ገዳሙ የሚሰበስበውን ሩዝና ሠራተኛ ይወስዱበት ነበር። ቾገን ካማኩራ ድረስ አቤት አለ። ዮሪቶሞ ሰዎቹን እንዲገሥጽ ተደረገ። ከዚያም በኋላ ነገሩ ፈጽሞ አልቆመም።

### የአሠራሩ ስልት

ቾገን የቀድሞውን አዳራሽ መጠን ጠበቀ፤ አሠራሩን ግን ለወጠ። የደቡብ ቻይናን ስልት አመጣ። በጃፓን ምሰሶና ወራጅ በአናቱ ላይ ይደራረቡ ነበር። በአዲሱ ስልት ምሰሶው ይበሳና ማገሩ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ዘልቆ ያልፋል። ሁሉም እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ንፋስና መንቀጥቀጥ ይችላል። ጣራውን የሚሸከሙት ክንዶችም በቀጥታ ምሰሶው ውስጥ ይሰካሉ።

ሌላው ብልሃት መጠኑ ነው። እንጨቶቹ በጥቂት ዓይነት ውፍረትና ስፋት ብቻ ተጠረቡ። ስለዚህ ቅርጹ ሱዎ ላይ ወጥቶ ናራ ላይ ይገጣጠማል፤ ትርፉ አይጓጓዝም። በ1199 የተሠራው ታላቁ የደቡብ በር ዛሬም ስላለ ሄዶ ማየት ይቻላል። ቁመቱ 25 ሜትር ያህል ነው፤ 18 ምሰሶዎች አሉት። ኮርኒስ ስለሌለው ቀና ያለ ሰው እስከ ጣራው ድረስ አጽሙን ያያል። ምንም የተሸፈነ ነገር የለም። ጌጥ ለሚወድ ሰው ደረቅ ነው፤ እኔ ግን ከጌጡ ይልቅ ይህ ይጥመኛል።

በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት የእንጨት ዘበኞች ቁመታቸው 8.4 ሜትር ነው። በ1203 ኡንኬይና ካይኬይ የሚባሉት ቀራጮች ከረዳቶቻቸው ጋር በ69 ቀን ጨረሷቸው። ከአንድ ግንድ አልተፈለፈሉም፤ እያንዳንዳቸው ከ3,000 ገደማ ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ናቸው። ከ1988 እስከ 1993 ለጥገና ሲፈቱ ውስጣቸው የታሸጉ ጽሑፎችና የሠሪዎቹ ስሞች ተገኙ። እንጨቱም ከሱዎ የመጣ ነው።

## የተሳካው

አዳራሹ በ1190 ማዕከላዊ ወራጁ ወጣ፤ በ1195 ተመረቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ዮሪቶሞም ተገኙ። ዝናብ ወረደ። የዮሪቶሞ ወታደሮች እየረጠቡ ሳይነቃነቁ ቆሙ፤ የኪዮቶ መኳንንት በዚህ ተደንቀው ጽፈውታል። ሥልጣን ከማን ወደ ማን እንደሄደ በዚያን ቀን ሁሉም አየ። በ1203 የገዳሙ አጠቃላይ ምረቃ ተደረገ።

የሠራው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው የቾገን አደረጃጀት ነው። በኦሳካ፣ በሱዎ፣ በሃሪማ፣ በኮያ ተራራና በሌሎችም ቦታዎች በድምሩ ሰባት ቅርንጫፍ ጣቢያዎች ነበሩት። በየጣቢያው የጸሎት ቤትና መታጠቢያ አለ። ዕቃ ይጠራቀምበታል፤ ሰው ያርፍበታል። በመንገዱ ላይ ያሉት ሕዝቦችም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ወደቦች ጠገነ፤ ድልድዮች አሠራ። በ1202 በኦሳካ አቅራቢያ ያለውን የሳያማ ኩሬ ሲያሠራ ለቦዩ የጥንት ሰዎችን የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ተጠቀመ። በ1993 የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ሕፃናትና ለማኞች ሳይቀሩ ድንጋይ እንደተሸከሙ ይናገራል።

## ያልተሳካው

መጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ቾገን በ1206 በ86 ዓመቱ ሞተ። ሰባት ፎቅ ያለው ግንብና የትምህርት አዳራሹ አላለቁም። ተተኪው ኤይሳይ፣ በጃፓን ሻይን በማስፋፋት የሚታወቀው መነኩሴ፣ ቀላል ሰው አልነበረም። ቢሆንም ግንቡ እስከ 1227፣ የትምህርት አዳራሹም እስከ 1237 ገደማ ቆየ። መነኮሳቱ ለ50 ዓመት ያህል ዋና የመማሪያ ቦታቸውን አላገኙም።

ሁለተኛ፣ ስልቱ ከሰውየው ጋር ሞተ። ጥቂት ቦታዎች ላይ ከተሠራበት በኋላ አናጢዎቹ ወደ ለመዱት ተመለሱ፤ ከአዲሱ የወሰዱት ማገር ማሳለፉን ነው። ቾገን ሥራ አስጨረሰ እንጂ ስልቱን የሚያስተምር ትውልድ አላፈራም።

ሦስተኛው ቸን ሄቺንግ ነው። በ1195 ዮሪቶሞ ሊያገኘው ሲጠይቅ፣ ብዙ ሰው የገደለ ነው ብሎ እንቢ አለ። ዮሪቶሞ ተናዶ በመቅጣት ፈንታ የጦር ልብስና ፈረሶች ላከለት። ቸን የጦር ልብሱን ለግንባታው ምስማር ይሁን ብሎ ሰጠ። እስከዚህ ድረስ የሚያስደንቅ ሰው ነው። ለድካሙ ግን መሬት ተሰጥቶት ስለነበር ከመነኮሳቱ ጋር ተጣላ። በ1206 የገዳሙን እንጨት ለመርከብ መሥሪያ አዋለ ተብሎ ተከሰሰ፤ መሬቱም ተነሳበት። በ1216 ካማኩራ ሄዶ ወጣቱን ገዥ ሳነቶሞን፣ አንተ በቀድሞ ሕይወትህ የንጉሥ አሾካ ገዳም አለቃ ነበርክ ብሎ አሳመነውና ወደ ቻይና የሚሄዱበት ትልቅ መርከብ ሠራ። በ1217 በመቶ የሚቆጠር ሰው ቢጎትተውም መርከቡ አልንሳፈፍ አለ። እዚያው ባሕር ዳር በሰበሰ።

የሱዎ ገበሬና ጫካ የከፈሉት ደግሞ በምረቃው ንግግር ውስጥ የለም።

## ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምር ኮሚቴ ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊወስደው የሚገባው ጥያቄ፣ ስንት ያስፈልገናል የሚለው አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ዕቃ የትኛው ነው፣ በየት በኩልስ ይመጣል የሚለው ነው። ቾገን ጉልበቱን ያፈሰሰው በወንዙ ላይ ነው። 118 ግድብ ለቡድሃ አይመስልም፤ የቡድሃው አዳራሽ የቆመው ግን በእነሱ ነው።

ከትንሹም ከትልቁም መሰብሰብ የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ 39 ሜትር ግንድ ግን ጉልት ይፈልጋል። ትንሹ መዋጮ ሥራውን ከአንድ ወገን ንብረትነት ያድነዋል። ትልቁን ሰጪ ደግሞ ቃሉን እንዲጠብቅ የሚያስታውስ፣ ለራሱ የማይፈልግ ሰው መላክ ያሻል።

የውጭ ባለሙያ ሲመጣ ክፍያውና የሚሄድበት ቀን ቀድሞ ይታወቅ። መሬት ሰጥቶ ዝም ማለት ለ20 ዓመት ጠብ ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋናው ሰው በሕይወት እያለ ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ይኑር። ይህን ቾገንም አላደረገውም።

## ከዚያ በኋላ

አዳራሹ በ1567 በሌላ ጦርነት ተቃጠለ። የሐውልቱ ራስ እንደገና ወደቀ። ለጊዜው የመዳብ ቆርቆሮ ተለብጦ ተሠራለት። ጊዜያዊውን መጠለያ በ1610 ነፋስ ጣለው። ቡድሃው ለብዙ አሥርት ዓመታት ፀሐይና ዝናብ ላይ ተቀመጠ። በዚህኛው ጊዜ ቾገን አልነበረም።

በ1684 ኮኬይ የሚባል መነኩሴ ፈቃድ አግኝቶ የቾገንን መንገድ ጀመረ። ሐውልቱ በ1692 ተመረቀ። አዳራሹ ያለቀው በ1709 ነው፤ ኮኬይ በ1705 ሞቶ ነበር። እንጨት ፈለጉ፤ ለምሰሶ የሚሆን ትልቅ ግንድ በጃፓን ጠፍቷል። ስለዚህ አንዱን መካከለኛ ግንድ በሳንቃ ከብበው በብረት ቀለበት አሰሩት፤ ወፍራም ምሰሶ መሰለ። የጣራውን ክብደት የሚሸከሙ ሁለት 23 ሜትር ወራጆች ብቻ ከኪዩሹ፣ ከኪሪሺማ ጫካ ተገኙ። ይህም ሆኖ የአዳራሹ ስፋት ከ86 ሜትር ወደ 57 ሜትር ተቀነሰ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ግዙፍ ቤት ተቀንሶ የተሠራው ነው።

ጣራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጎበጥ ጀመረ። ከ1906 እስከ 1913 በተደረገው ጥገና ከእንግሊዝ የመጣ የብረት መዋቅር ጣራው ውስጥ ገባ። የእንጨቱ ቅድስና ተነካ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቾገን ግን የሚከራከር አይመስለኝም፤ እሱ ራሱ የቻይናን ማገር ያለ ሐፍረት ተበድሯል።